የሻገተው ሳህን

በዘር ምርምር ማዕከሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች። አንዱ እግሯ ከሌሎቹ ስለሚያጥር ሰው ሲቀመጥባት ቋ ትላለች፤ ሲነሳም ቋ። እኔ በዚያ ፎቅ የማበቀያ ክፍሉ ጠባቂ ነበርኩ። የክፍሌ በር ከወንበሯ ትይዩ ስለሆነ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማን እንደተቀመጠባት፣ ምን ያህል እንደጠበቀና ምን ዓይነት ፊት ይዞ እንደሄደ ሳልፈልግም አይቻለሁ። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ስለ አንዲት መምህርት ልጽፍ የተነሳሁት ትልቅ ስም ስላላት አይደለም። የደረሰባት ነገር ግማሹ የእኔ ምክር ያመጣው ስለሆነ ነው። ይህን ሳልናገር ብቀር ለራሴ አይመቸኝም።

የመጣች ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ ስታስተምር ቆይታ፣ የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ ተሰጥቷት፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ምርምር ልትሠራ ነበር የመጣችው። የአምስት ዓመት ሴት ልጇን ለታላቅ እህቷ አደራ ሰጥታለች። መንገዱ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ስለሚፈጅ፣ በናፈቀቻት ጊዜ ሁሉ ብድግ ብላ ሄዳ የምታያት አልነበረችም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት ያየሁት ኮሪደሩን እንዳያርስባት ጃንጥላዋን በላስቲክ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ የያዘች፣ እግሮቿን ገጥማ የተቀመጠች ሴት ነው።

«አባባ፣ ዶክተር አሉ?» አለችኝ። ዶክተሩ አማካሪዋ እንዲሆኑ የተመደቡላት የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ።

«አሉም፣ የሉምም» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ዶክተሩ ክፍሉን ይመራሉ፣ በአራት ኮሚቴ ውስጥ አሉ፣ ዘጠኝ ተማሪ ያማክራሉ፣ በዚያ ላይ በየሳምንቱ የሆነ ቦታ ይጠራሉ። ተማሪዎቹ በሌሉበት «ነፋሱ» ይሏቸዋል። ፊርማ የሚፈልግ ሰው ወረቀቱን ይዞ ደረጃው ላይ ይጠብቃቸዋል፤ እሳቸውም ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ አንዳንዴም የሹፌራቸው ጀርባ ላይ አድርገው ይፈርማሉ። ሹፌሩ «እኔ በጠረጴዛነት ነው የተቀጠርኩት» ይል ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሁሉም ሰው ከእሳቸው ትንሽ ትንሽ ቆርሶ እየወሰደ፣ ለማንም የሚተርፍ ነገር ያልቀራቸው ሰው ነበሩ።

«ልጄ፣ ልምከርሽ» አልኳት። «እኚህን ሰው ሥራ ወጥሮ ይዟቸዋል። ስትገቢ አጠር አድርጊ። ችግር አትደርድሪባቸው። ደህና ደህናውን ይዘሽ ግቢ።»

ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ ነው። የተማረ ሰው ከእኔ አፍ የወጣውን ነገር ሲጽፍ ማየት ሆዴን ሞቅ አደረገው፤ አልዋሽም።

ዶክተሩ ያን ዕለት ያነጋገሯት ደረጃ እየወረዱ ነው፤ በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው ቦርሳ። እኔም ባልዲ ይዤ ከኋላቸው ስለምወርድ ሰማሁ። የተሰጣት ሥራ ለማንም የሚገባ ነበር። አዲስ የታጨደ የባቄላ ዘር ግማሹ በጨርቅ ከረጢት፣ ግማሹ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ቆርቆሮ ይቀመጣል። በየወሩ ከሁለቱም መቶ መቶ ፍሬ እየወጣ፣ በሰፋፊ የብርጭቆ ሳህኖች ላይ በእርጥብ ወረቀት ይደረደራል። በአሥራ አራተኛው ቀን ስንቱ እንደበቀለ ይቆጠራል። ቆርቆሮው እንደሚሻል ሁሉም ይጠብቃል፤ ነቀዝም ውኃም አያስገባምና።

«እና» አሉ ዶክተሩ፣ «ከማሸግሽ በፊት ከዘሩ ጥቂት ወስደሽ መዝኚ፣ በምድጃው አድርቂ፣ መልሰሽ መዝኚ። ያን ቁጥር ሳትይዢ እንዳታሽጊ። ገባሽ?»

«እሺ ዶክተር።»

አልገባትም ነበር። የትኛው ምድጃ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት፣ ደግሞስ ለምን፤ ምኑንም አላወቀችም። ደረጃው አለቀ፣ የመኪናው በር ተዘጋ። በማግስቱ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ሄደዋል። አብረዋት ከሚማሩት ሁለት ወጣቶች አንዱን ልጠይቅ አለች፤ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረች ሴት፣ ተማሪዋ ሊሆን በሚችል ልጅ ፊት «አላውቅም» ማለት ከበዳት። ሳምንት አለፈ። ዘሩ እንዳይበላሽባት ፈርታ፣ ሳትመዝንና ሳታደርቅ አሸገችው።

ከዚያ ወዲያ በወር አንዴ ትገባለች። በሩ ስለማይዘጋ ንግግራቸውን በቃሌ ይዤው ነበር።

«እንዴት ነው ነገሩ?»

«ደህና ነው ዶክተር።»

«ችግር አለ?»

«የለም ዶክተር።»

«ይኼኛውን ጽሑፍ አንብቢው። ሠንጠረዡን ደግሞ እንደዚህኛው አድርጊው።»

«እሺ ዶክተር።»

«ጎበዝ። ቀጥዪ።»

ከተነሳችበት ወንበር ላይ ሙቀቱ ሳይጠፋ ተመልሳ ትወጣ ነበር። የተሰጣትን ጽሑፍ ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ እኔ ክፍል ትመጣለች፤ ከመብራቱ ሥር ቆማ ገጹን ታገላብጣለች፤ ከዚያ ትታው ሳህኖቿን ማስተካከል ትጀምራለች። ጽሑፉ ውስጥ ምን ልትፈልግ እንደተላከች እንደማታውቅ ከጀርባዋ ይታወቀኝ ነበር።

የዶክተሩ ጸሐፊ «ወይዘሮ እሺ» የሚል ስም አወጣችላት። ጸሐፊዋ ምላሷ ጥርስ አያስከድንም። አንድ ቀን መምህርቷ ስታልፍ ጠብቃ፣ «አባባ፣ ይቺ ሴትዮ ዶክተር ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ዝሪ ቢሏት እኮ እሺ ብላ እኔን መሰላል ትጠይቀኛለች» አለችኝ።

«መሰላል ብትጠይቅሽማ መልካም ነበር» አልኳት። «እሷ መሰላልም የምትጠይቅ አይደለችም።»

ያን ጊዜ ለቀልድ ነበር ያልኩት። አሁን ሳስበው ነገሩን ሳላውቀው ነክቼው ነበር።

በአምስተኛው ወር ሦስት ቀን ቀረች። ሦስተኛው ቀን የቆጠራዋ ቀን ነበር። የሰው ሳህን ነክቼ አላውቅም፤ ዝም ብዬም ማሳለፍ አልቻልኩም። ከመዝገቡ ላይ አድራሻዋን አይቼ፣ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። የተከራየችው ከአንድ አናጢ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ነበረች። መጋዙ ሲንጫጫ መስታወቷ ይንቀጠቀጣል፤ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ አለ። መስኮቱ ሲከፈት የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ። ግድግዳው ላይ የቆጠራ ቀኖቿ በቀይ የተከበቡበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ እሑዶቹ ደግሞ በሰማያዊ። ትኩሳት ይዟት ከንፈሯ ደርቋል። ወንበሩን ለእኔ ሰጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሦስት ቀን ሙሉ በሬን የነካው ሰው እርስዎ ነዎት» አለች። የማማረር አልነበረም፤ የሙቀት ልክ እንደምትነግረኝ ነው የተናገረችው።

«ሰማያዊዎቹ ምንድን ናቸው?» አልኳት።

«ለልጄ የምደውልባቸው ናቸው።» ትንሽ ፈገግ አለች። «እህቴን እማዬ ትላታለች። እኔን ደግሞ የስልኳ እማዬ። ባለፈው ጎረቤት 'እናትሽ የት ናት' ሲላት 'ስልኩ ውስጥ' አለችው አሉ።»

እኔም ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ መጋዙ ቆመ።

«ሳህኖቹን ከወጣቶቹ አንዱ ይቁጠርልሽ?» ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። «ማንም እንዳይነካቸው» አለችና ጫማዋን በእግሯ መፈለግ ጀመረች። በግድ ነው መልሼ ያስተኛኋት። አንድ የምትደብቀው ነገር እንዳለ ያን ቀን ገባኝ፤ ምንነቱን ግን አላወቅሁም።

ያወቅሁት በእጥበት ነው። ሳህን የሚያወጣ ተማሪ እኔ መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ ከቆጠራ በኋላ ለእጥበት ለእኔ ይመልሳል። መምህርቷ አሥራ ሁለት ወስዳ ስምንት ታመጣለች። የቀሩት አራቱ በማግስቱ ታጥበውና ደርቀው መደርደሪያው ላይ አገኛቸዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። በአሥረኛው ወር አንድ ጠዋት ከሕንፃው ጀርባ፣ የአትክልት ውኃ ከሚቀዳበት ቧንቧ አጠገብ፣ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። እጆቿ በቅዝቃዜው ቀልተዋል። ሳህኑ ላይ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ እንደ ጥጥ አብጦ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው» አልኳት።

ሳህኑን ከቀሚሷ ጀርባ ልትደብቅ ሞከረች። ልጅ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ራሷም ታወቃትና ክንዷን አወረደችው።

«ቆሽሾብኝ ነው አባባ።»

«የቆሸሸ ካልሆነማ ምኑን አጥባለሁ?»

የቧንቧውን ጠርዝ ይዛ ተቀመጠች፤ ሁሉንም ነገረችኝ። የጨርቁ ከረጢት ባቄላ ከመቶው ሰማንያ ስምንት ይበቅላል። ይሻላል የተባለው የቆርቆሮው ግን ከአምስተኛው ወር ጀምሮ እየሻገተ፣ መጀመሪያ ወደ ስድሳ፣ አሁን ከአርባ በታች ወረደ። ጥፋቱ የእጇ መስሏት ደጋግማ ዘራች። ያው ነው። ከዚያ በኋላ፣ ሳይመረጥ ከሚዘራው ሌላ፣ ከቆርቆሮው ጤነኛ ጤነኛ የሚመስለውን ፍሬ እየመረጠች ለብቻው መዝራት ጀመረች። የመረጠችው ሰባ ዘጠኝ በቀለ። ለዶክተሩ የሰጠችው ያን ቁጥር ነው። ማጭበርበሬ ነው ብላ አላሰበችውም፤ እንግዳ ሲመጣ የልጇን አፍንጫ ጠርጋ እንደምታቀርብ እናት ነው የሆነችው።

«ገምጋሚ ኮሚቴው በዘጠኝ ቀን ውስጥ ይቀመጣል» አለች። «ዶክተር የፈረሙበትን የሂደት ሪፖርት ማቅረብ አለብኝ። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ለምን እንደማይስማሙ አላውቅም። ካልተቀበሉኝ ፈቃዴ ይቋረጣል። ልጄን ትቼ መጥቼ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው።»

«ሄደሽ ንገሪያቸዋ።»

«አሥር ወር ሙሉ እሺ ብዬ አሁን አልገባኝም ልበላቸው? እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር አይሉኝም?»

«ይሉሻል» አልኳት።

ከዚያ የራሴን ነገርኳት።

«እኔን ፊደል ያስተማረኝ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ዶክተር ናቸው፤ ሌሎቹም በዚህ ኮሪደር የሚያልፉ ሁሉ። ከመካከላቸው አጠገቤ አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው የለም። ሳህን ላይ የተለጠፈች አንድ ወረቀት ይዤ የክፍሌ በር ላይ እቆማለሁ። ሲያልፉ ያላወቅኋት ፊደል ላይ ጣቴን አድርጌ አሳያቸዋለሁ። እግራቸውን ሳያቆሙ ይነግሩኛል። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግማታለሁ፤ ከተሳሳትኩ ከደረጃው ላይ ሆነው ያርሙኛል። አንድ ቀን አንድ ፊደል። የማውቃትን ፊደል ባሳያቸው ኖሮ ጎበዝ ብለውኝ ያልፉ ነበር። እስከ ዛሬም ጎበዝ እንደተባልኩ፣ ማንበብ ሳልችል እኖር ነበር።»

ውኃው እንደተከፈተ ነበር፤ ዘጋችው።

«ታዲያ የመጣሁ ዕለት ለምን 'ችግር አትደርድሪባቸው' አሉኝ?»

በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልገጠመኝም። እውነቱ፣ ያን ዕለት የዶክተሩን በር የምጠብቅ፣ ጠባያቸውን የማውቅ ሰው መስዬ መታየት አምሮኝ ነበር። ትልቅ ሰው ላይ ችግር አይደረደርም ብዬ የመከርኩት ለእሷ ሳይሆን ለራሴ ክብር ነው።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት።

ያንን ሳህን አላጠበችውም። ክዳኑን ገጥማ ወደ ክፍሉ ይዛው ገባች። ከደብተሯ ግማሽ ወረቀት ቀድዳ ስትጽፍ፣ ስታጠፋ፣ እንደገና ስትጽፍ ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ ከደረጃው ሥር ይጠብቅ ነበር። እኔ መግቢያውን እጠርጋለሁ። መምህርቷ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ከመኪናው በር አጠገብ ቆማለች። ዶክተሩ እየተጣደፉ ወረዱ።

«ከሰዓት በኋላ ነይ» አሏት ሳያዩዋት።

«ከሰዓት በኋላ እኮ የለንም» አለ ሹፌሩ።

ዶክተሩ ገላመጡት። በዚያች መሃል እሷ ክዳኑን ከፈተች። ሽታው እኔ ድረስ መጣ። እግራቸው ቆመ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ከቆርቆሮው የወጣ ነው። ከሃያ አምስቱ የበቀሉት ዘጠኝ ናቸው። ከጨርቁ ግን ሃያ ሁለት በቅለዋል።»

«ባለፈው ወር ከቆርቆሮው ሰባ ዘጠኝ ከመቶ ብለሽኝ ነበር።»

«መርጬ ነው ዶክተር። ጤነኛ የሚመስሉትን ለይቼ ነው የዘራሁት። አምስት ወር እንደዚያ አድርጌያለሁ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ዶክተሩ ሳህኑን ከእጇ ወስደው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ አንዱን ፍሬ በእስክሪብቷቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

«ስታሽጊ የዘሩ እርጥበት ስንት ነበር?»

«አላውቅም።» ክዳኑን በእጇ እንደያዘች ቀጠለች። «ደረጃው ላይ የነገሩኝ ቀን አልገባኝም ነበር። የትኛው ምድጃ እንደሆነም፣ ለምን እንደሚመዘንም አላወቅሁም። እሺ አልኩ እንጂ አልገባኝም።»

ይቆጣሉ ብዬ መጥረጊያዬን ጨብጬ ቆምኩ። ዶክተሩ ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ደረጃው ላይ፣ ገና ባልጠረግሁት በኩል፣ ተቀመጡ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ደጅ ላይ ሲቀመጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ገባሽ ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር» አሉ።

«ጠይቀውኛል።»

«መልሱን ግን አልጠበቅሁም።» ዓይናቸውን ከሳህኑ አላነሱም። «ቁጭ በዪ።»

የስብሰባቸውን አጀንዳ ገልብጠው በጀርባው ሣሉላት። ዘር ሕይወት አለው፣ ይተነፍሳል አሏት። በደንብ ሳይደርቅ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ቢገባ እርጥበቱ ቀስ እያለ ይወጣለታል። ቆርቆሮ ውስጥ ከገባ ግን ውኃው መውጫ የለውም፤ ከውጭ እርጥበት እንዳይገባ የታሸገው ዕቃ የውስጡን እዚያው አፍኖ ይይዘዋል፤ ባቄላው በራሱ ወበቅ ይሞታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ መመዘን፣ ማድረቅ፣ መልሶ መመዘን የሚያስፈልገው፤ በሚዛኑ ላይ የጎደለው ውኃው ነው።

«ልድገመው» አለች። ደገመችው። አንድ ቦታ ተሳሳተች፤ አረሟት፤ እንደገና ደገመችው። ግማሽ ወረቀቷን አውጥታ የጻፈችውን ጥያቄ አነበበችላቸው፤ ከሥሩ ለመልስ የሚሆን ቦታ ትታ ነበር። ዶክተሩ እዚያው ላይ ጻፉላት። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀው። ሹፌሩ ሰዓቱን ሲያይ ስለነበር በኋላ ለሁላችንም እየዞረ ነገረን።

«የመረጥሽባቸው አምስት ወራት ይሰረዛሉ» አሏት ሲነሱ። «የሻገቱትንስ ቆጥረሽ ጽፈሻቸዋል?»

«የአንዳንዱን። የሦስቱን ወር ሳልጽፍ አጥቤዋለሁ።»

«እነሱ ነበሩ ሥራሽ። ያጠብሻቸው።»

«እሺ ዶ—» ብላ አቋረጠችው። «ማለቴ፣ ታዲያ ምን ላድርግ? በሁለት ዓመቱ ያልቃል?»

«አያልቅም። አዲስ ዘር ወስደሽ፣ አንዱን ትንሽ፣ አንዱን በደንብ፣ አንዱን እጅግ አድርገሽ አድርቀሽ ታሽጊያለሽ። ስንት ሲደርቅ ነው ቆርቆሮ የሚገባው? እሱን የነገርሽኝ ቀን ጨረስሽ። ማራዘሚያ እጠይቅልሻለሁ። ፊርማዬን ግን ይሄን ሳህን ለኮሚቴው ካላሳየሽ አታገኚም።»

ኮሚቴው ሲቀመጥ ሳህኑን አሳየቻቸው። ከኮሚቴው አንዱ ለአፍንጫው መሐረብ አወጣ ብላ ነገረችኝ። አንዳንዱ ተቆጣት፤ ግን አላባረሯትም። አንድ ዓመት ጨመሩላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አላየኋትም። ግማሽ ወረቀቷን ይዛ ደረጃው ላይ ትጠብቃለች። ወረቀቷ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፤ ከሥሩ እሷ ምን እንደሞከረችና መልሱ ምን ይመስላት እንደሆነ፤ ከዚያ ባዶ ቦታ። በእጇ ደግሞ የባሰውን ሳህን ትይዛለች። ዶክተሩ እየወረዱ ያነባሉ፣ በሹፌሩ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ። እሷም የሰማችውን በራሷ ቃል ደግማ ሳታሰማቸው የመኪናው በር እንዲዘጋ አትፈቅድም። የምድጃውን ነገር ከሁለቱ ወጣቶች ታናሹን ጠይቃ ተማረች። ጸሐፊዋም «ወይዘሮ እሺ»ን ተወችው፤ አዲስ ስም ግን አላወጣችላትም።

በተጨመረላት ዓመት መጨረሻ ሥራዋን አስረክባ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ደብዳቤ አልተጻጻፍንም፤ እንጻጻፍ አልተባባልንም። የማስታውሳት ግን ስትመረቅ አይደለም። ኮሚቴው ዓመቱን በጨመረላት ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ነው።

የሚበቅል ነገር እሑድን ስለማያውቅ ሁለታችንም ክፍሉ ውስጥ ነበርን። ሕንፃው ባዶ ነው፤ እዝዝ ከሚሉት መብራቶች በቀር ድምፅ የለም። እሷ በወረንጦ ፍሬ እየለየች ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሃሎ፣ የስልኳ እማዬ» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ።

«የእኔ ቆንጆ። ለክረምት እመጣለሁ ብዬሽ ነበር አይደል? አሁን የምመጣው ለሳምንት ብቻ ነው። ሥራዬን ተሳስቼ ስለነበር እንደገና መሥራት አለብኝ። ጠቅልዬ ለመምጣት ገና አንድ ዓመት ይጨመራል። እሺ?»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

ያንን እሺ አውቀዋለሁ። አሥር ወር ሙሉ በተከፈተ በር ሰምቼዋለሁ። መምህርቷም አወቀችው፤ ወረንጦዋን አስቀመጠች።

«እሺ አትበዪኝ የኔ እናት» አለች ቀስ ብላ። «ያልገባሽ ምኑ ነው? ንገሪኝ።»

ስልኩ ውስጥ የሆነ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ሌላ ሴት ከሩቅ የሆነ ነገር ተናገረች። ልጅቷም ጠየቀች።

«አንድ ዓመት ስንት እሑድ ነው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ቁጠሪልኝ።»

«አብረን እንቁጠር። አንድ።»

«አንድ።»

እኔ ከዚያ ወዲያ እዚያ መቆም አይገባኝም ነበር። በሩን ቀስ አድርጌ ገጠምኩና ኮሪደሩ ላይ፣ እሷ ከተወቻት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቋ አለች። ሁለቱ ድምፆች፣ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ከሩቅ፣ እየተከታተሉ በበሩ ሥር ይወጡ ነበር። ሃያ ላይ ሲደርሱ የልጅቷ ድምፅ ቀረ። እናትየዋ ብቻዋን ትቀጥላለች ብዬ ነበር። አልቀጠለችም። ጠበቀቻት።

«ከሃያ በኋላ አላውቅም» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።